ሞላው ተለቆ ያደረው ካሜራ

ጋሽ ጆሮ በገዛ ሱቃቸው ውስጥ፣ ከቆጡ በሚወርደው የእንጨት ደረጃ ግርጌ፣ በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። ያገኘቻቸው ግድግዳ የምትጋራቸው ልብስ ሰፊ ነበረች። ሰኞ ጠዋት የዛገ መቀሷን ልታሳያቸው ገብታ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ሰፈሩም ግር ብሎ መጣ።

እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ድፍን ከተማው ጋሽ ጆሮ የሚላቸው፣ አሮጌ የፊልም ካሜራ ሲጠግኑ ከዓይናቸው ይልቅ ጆሯቸውን ስለሚያምኑ ነበር። ቁልፉን ይጫናሉ፤ ካሜራው ቀጭ ይላል፤ እሳቸው ራሳቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው ያዳምጡና «ይሄ ሰንፏል» ወይም «ይሄ ቸኩሏል» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ነገሩን በቃላቸው ጨርሰውት ነበር። ሽማግሌ ሰው፣ ቀጥ ያለ ደረጃ፣ በዚያ ላይ ቅዳሜ በሰም የተወለወለ። ሌላ ምን ይፈለጋል? የእሷ ቅጽል ስም ግን «ቀስ በሉ» ነው። ባልደረቦቿ ያወጡላት በከንቱ አይደለም፤ በሥራ ዘመኗ ይህን ቃል ያህል ደጋግማ የተናገረችው ነገር የለም።

«ቀስ በሉ» አለች፤ አስከሬኑ እንዳይነሣ ከለከለች። ተንበርክካ የሟቹን ቀኝ እጅ ገለጥ አደረገች። መዳፋቸውን ያቋረጠ ቀጭን ቀይ መስመር አየች፤ ጠበቅ ያለ ጠፍር በኃይል ሲሳብ የሚተወው ዓይነት ነው። የደረጃው መደገፊያ ግን እንደ ክንድ የወፈረ እንጨት ነበር።

ወደ ቆጡ ወጣች። ጣሪያው ላይ ከተገጠመው መስታወት የሚወርደው ብርሃን ክፍሉን ሞልቶታል። መደርደሪያው ላይ ካሜራዎቹ ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዷ ጥቁር ናት፤ ቀለሟ ጠርዝ ጠርዟ ላይ ተልጦ ነሐሷ ብቅ ብሏል። የቆዳ ማንጠልጠያዋ በአንድ ወገን ብቻ ተንጠልጥሏል፤ በሌላው ወገን የሚይዘው ቀለበት ተስቦ ተከፍቷል።

መርማሪዋ ጓንት አድርጋ አነሣቻት። ከምትታየው በላይ ትከብዳለች፤ ክብደቷ ግን እጅ ሞልቶ ደስ የሚል ነው። አውራ ጣቷ ማንም ሳያዘው ፊልም የሚያሳልፈው ማንሻ ላይ አረፈ። ገፋ አደረገችው። አልሄድም አለ። በሥራ ላይ መሆኗ ትዝ ሲላት አፈረችና መልሳ አስቀመጠቻት።

ከታች የደንበኞች አግዳሚ ላይ የሟቹ አንድያ ልጅ ተቀምጣለች። ባሏ፣ ባለ ስቱዲዮው፣ ትከሻዋን ይዟል።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅየዋ፣ ገና ሳትጠየቅ። «ደረጃውን በሰም የወለወልኩት እኔ ነኝ። ‹ተይው፣ ያንሸራትተኛል› ብሎኝ ነበር። ቤቱ እንዲያምርለት ብዬ…»

«እሑድ አልመጣሽም?»

«ራት ጠርቶን ነበር፤ እኔንና ባሌን። ባሌን ራሱን አመመው። ‹ነገ እንሄዳለን› አለኝና ቀረን። የፖሊስ ሐኪሙ ወዲያው አልሞቱም፣ ጥቂት ቆይተዋል አለ። ራት መጥተን ቢሆን ኖሮ በነፍሱ እንደርስለት ነበር። ሁለት ጊዜ ነው የገደልኩት!»

ባልየው አንገቱን ደፍቶ «ዕድሜ ነው» አለ። «ደረጃውም ሰም ነበረው።»

የመርማሪዋ አለቃ በስልክ «ዝጊው እንጂ! ተንሸራትቶ የወደቀ ሽማግሌ ነው» አላት። «ጥቂት ቀን ስጠኝ» አለችው። እሷ አሳቧ ከልጅየዋ ጋር ነበር። «ተንሸራትቶ» ተብሎ ከተዘጋ ይህች ሴት ያንን ሰም ዕድሜ ልኳን ተሸክማው ልትኖር ነው። ለመንሸራተቱ ማስረጃ ካለ እሺ፤ ከሌለ ግን ግፍ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ መርፌ አልያዘችም። «ዱብ ሲል ሰምቻለሁ፣ የኔ እናት» አለች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «‹ደግሞ ሣጥን ጣሉ!› ብዬ መኪናዬን መርገጥ ቀጠልኩ። ብነሣ ምን ነበረበት? ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።»

«ከዚያ በፊት ማን መጣ?»

«የጥርስ ሐኪሙ። አኩርፎ ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ ዱብ ያለው እሱ ከሄደ ከቆየ በኋላ ነው። በፊት ለፊት ሌላ ሰው አልገባም። የጓሮው በር ግን ከኔ ቤት አይታይም።»

የጥርስ ሐኪሙ ቤቱ ውስጥ አሮጌ ካሜራዎች በመስታወት ቁም ሣጥን ደርድሯል። ሰውየው የሰው ጥርስ ሲነቅል እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ስለ ካሜራ ሲያወራ ግን እንደ ልጅ የሚሆን ነው።

«እኔም እኮ አላረፍኩም» አለ። «በየሳምንቱ ‹ያቺን ጥቁሯን ሽጡልኝ› እያልኩ ስነዘንዛቸው ከረምኩ። ማን ያውቃል፣ ደማቸውን ከፍ ያደረግሁት እኔ እሆናለሁ።»

«እሑድስ?»

«‹ያዛት› አሉና ሰጡኝ። ማንሻዋን ስገፋው… እንዴት ብዬ ልንገርሽ! እኔ ቤት ያሉት ሁሉ ይንኳኳሉ፤ እሷ ግን በቅቤ ውስጥ እንደሚሄድ ቢላ ነው የምትሄደው። ልጫን ስል እጄን ያዙኝ። ‹እንዳትነካ! የፊልሟ መጨረሻ ናት፤ ማታ ልጄን ላነሣበት ነው› አሉ። ‹ካሜራዋንስ?› አልኳቸው። ‹ማታ ባለቤቷ ይረከባታል› አሉኝ። አኩርፌ ወጣሁ።»

«ባለቤቷ ማን ነው?»

«አልነገሩኝም።»

መርማሪዋ ተነሥታ ከቁም ሣጥኑ አንዱን ካሜራ አወጣችና ቁልፉን ተጫነች። ቀጭ። ሁለተኛውን ተጫነች። ቀጭ። የነካችው ሁሉ ቀጭ አለ።

«ሞላቸው እንደተወጠረ ነው የምታስቀምጣቸው?»

«ምን ልዩነት አለው?» አለ የጥርስ ሐኪሙ።

ባለ ስቱዲዮው ጋ ስትሄድ ለመታወቂያ ፎቶ የመጣ ሰው አገጭ ቀና እያደረገ ነበር። ደንበኛው እስኪወጣ ጠበቀችና ከሱቁ ያመጣችውን ሌላ አሮጌ ካሜራ ሰጠችው። ማንሻውን ገፍታ ሞላውን ወጥራው ነበር። የሰውየው ፊት ወዲያው ፈካ።

«ሥራው አሁን በኮምፒውተር ነው፤ እንጀራዬም እሱ ነው» አለ፣ ካሜራውን እያገላበጠ። «ግን ይሄንን ሲይዙ ሌላ ነው። ልጃቸውን ልጠይቅ የሄድኩ ቀን ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ ጋሼ ጥቁሯን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። አንዴ ማንሻዋን ገፋሁ፣ አለቀ። ሚስቴ ‹መጀመሪያ የወደድከው እሷን ነው› ትለኛለች።»

ሣቀና ካሜራውን ሊያስቀምጥ ወደ ጠረጴዛው ዘረጋ። ዓይኑ መርማሪዋ ላይ ነው፤ እጁ ግን ካሜራው ጠረጴዛውን ከመንካቱ በፊት ቀጭ አደረገው።

«ለምን ተጫንከው?»

«እ? ልማድ ነው። ጋሼ ካሜራ ሞላው ተወጥሮ ማደር የለበትም ይላሉ። ሞላም እንደ ሰው ይደክማል። ያስተማሩት ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው… ያው፣ የተማርኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች።

በጥቁሯ ካሜራ ውስጥ የነበረውን ፊልም ወደ ሌላ ከተማ ልካ አሳጠበችው። እስኪመጣ ድረስ ያንን ሌላውን ካሜራ ቢሮዋ አስቀምጣ፣ መዝገብ እያነበበች ማንሻውን ትገፋለች፣ ቀጭ ታደርጋለች። የሟች ዕቃ እንዲህ ሲጥማት ይከብዳታል፤ ደግሞ ታነሣዋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ስልክ ሲጮህ ካሜራውን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ከመዝጋቷ በፊት ግን እጇ ተመልሶ ሄደና ሞላውን ለቀቀው። ሳታስበው ነው። ስልኩን ሳታነሣ ቁጭ ብላ ቀረች። ከዚያ በኋላ የቀራት ፊልሙን ማየት ብቻ ነበር።

ሁሉንም በጋሽ ጆሮ ጨለማ የፎቶ ማጠቢያ ክፍል ሰበሰበቻቸው፦ ልጅየዋን፣ ባሏን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ የጥርስ ሐኪሙን። ቀዩ መብራት በርቷል። የመድኃኒት ሳህኖቹ ተሞልተዋል። አንድ ፖሊስ በሩን ይዞ ቆሟል።

«ፊልሙ ታጥቦ መጥቷል» አለች ለባልየው። «የመጨረሻዋን ፎቶ ወረቀት ላይ ማውጣት ግን እዚህ ከተማ ካንተ በቀር የሚችል የለም። አውጣልን።»

ባልየው ፊልሙን ተቀበለ። የፎቶ ማሳደጊያው መሣሪያ ውስጥ ሲያስገባው፣ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ወረቀቱ ላይ የፈሰሰውን ጥላ አየ። ጣቶቹ ቆሙ። መብራቱን ቢያበራ፣ ወረቀቱን ቢያበላሽ ማንም አይከለክለውም ነበር። እጁ ግን ሥራ ማበላሸት አያውቅም። ብርሃኑን ሰጠው፣ አጠፋው፣ ወረቀቱን ሳህኑ ውስጥ ነከረው።

«እስኪወጣ ላውራችሁ» አለች ቀስ በሉ። «ጋሽ ጆሮ ሲወድቁ የያዙት ነገር መዳፋቸውን ልጧል። የጥቁሯ ካሜራ ማንጠልጠያ ቀለበት ተስቦ ተከፍቷል። ስለዚህ ሁለት ሰው እሷን ሲጓተት ነበር። አሸናፊው ግን ካሜራዋን ይዞ አልሸሸም፤ ቦታዋ ላይ መልሶ አስቀመጣት።»

«ሌባ አይደለማ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አይደለም። አሁን የጥርስ ሐኪሙን ልብ በሉ። ሞላዋን ወጥሮ ትቷት ሄዷል። ጋሽ ጆሮም የመጨረሻዋን ፎቶ ለልጃቸው አስቀምጠዋታል፤ እሳቸው ራሳቸው አይጫኗትም። እኔ ስነካት ማንሻዋ አልሄድም አለ፤ ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ግን ያቺ የመጨረሻዋ ፎቶ ተነሥታለች። ከሐኪሙ በኋላ፣ ካሜራዋ ከመቀመጧ በፊት፣ አንድ ሰው ቁልፉን ተጭኗል።»

ወረቀቱ ላይ ግራጫ መስመሮች ብቅ ማለት ጀምረዋል፤ የደረጃው ጠርዞች ናቸው።

«ማን ነው ሰው ወድቆ እያየ ሞላ የሚለቅ? ሐኪሙ አይደለም፤ ቤቱ ያሉት ሁሉ እንደተወጠሩ ይከርማሉ። ልብስ ሰፊዋም ልጅየዋም ካሜራ አይነኩም። አንድ ሰው ብቻ ነው እጁ እንዲያ የተማረው። ዓይኔ እያየ አድርጎታል። ሌላም ነገር አለ። እዚህ ያላችሁት ሁሉ ‹እኔ ነኝ ጥፋተኛው› ብላችሁኛል። አንዷ ለሰሙ፣ አንዷ ላለመነሣቷ፣ አንዱ ለንዝንዙ። ‹ሰም ነበረው› ብሎ ሌላው ላይ ያሳበበ ግን አንድ ሰው ነው።»

ልጅየዋ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«ለሌላ ሰው ሊሸጧት መሰለኝ» አለ ባልየው፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳይነቅል። «ከሐኪሙ ጋር ሲያወሩ በጓሮ መጣሁ፤ ጥቁሯን እጁ ላይ አየኋት፤ ‹ባለቤቷ ይረከባታል› ሲሉት ሰማሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ወጥቼ ያዝኳት። ‹ስጠኝ፣ ገና ነው› አሉኝ። ጎተትኩ። ቀለበቱ ተከፈተ… ሞተው ነበር! ከላይ ሳያቸው አይንቀሳቀሱም ነበር። ካሜራዋን ከማስቀመጤ በፊት… እጄ ነው።»

«ገና ያሉህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለች መርማሪዋ። «ማታ ራት የተጠራው ማን ነበር? ባለቤቷ ማን ነበር?»

«እኔ» አለ ባልየው። የጥርስ ሐኪሙ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ፎቶው ወጣ። ጥርት ያለ ነበር። ቁልቁል የታየ ደረጃ፣ ከግርጌው የተንጋለሉ ሽማግሌ። ዓይናቸው ተከፍቷል። ራሳቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገዋል።

ልብስ ሰፊዋ «ሳገኛቸው አንገታቸው ቀጥ ያለ ነበር» አለች በሹክሹክታ።

«ሲያዳምጥ ነው እንዲህ የሚሆነው» አለች ልጅየዋ። «እያዳመጠህ ነበር። ቀጭ እስክታደርጋት እየጠበቀ ነበር። በሕይወት ነበር።»

ባልየው የጠረጴዛውን እግር ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ልጅየዋ አልጮኸችም፤ አልሰደበችውም። ጎንበስ ብላ አየችው።

«ራስህን አመመህ ብዬ ጨርቅ በውኃ እየነከርኩ ግንባርህ ላይ ሳደርግ እሱ እዚህ ተኝቶ ነበር» አለችው። «ከዚያ ወዲህስ? በየቀኑ ‹ሰሙን የቀባሁት እኔ ነኝ› እያልኩ ሳለቅስ ሰምተኸኛል። አባቴ እንኳ የካሜራ ሞላ ሲጨነቅ አያስችለውም ነበር። አንተን የእኔ እንዴት አስቻለህ?»

ፖሊሱ ደግፎ አስነሣው። በሩ ጋ ሲደርስ «ፎቶውን አሁን ካላጠባችሁት ይጠቁራል» አለ፤ ወዲያው በተናገረው ነገር አፈረና አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

መርማሪዋ ልጅየዋ አጠገብ ቀረች። አንዱን ሸክም አውርዳ ሌላ እንደጫነችባት ታውቃለች፤ የትኛው እንደሚከብድ ግን አታውቅም። «ሰሙ አልነበረም» አለቻት። «አንቺ አይደለሽም።»

ልጅየዋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ፎቶውን ከሳህኑ አወጣችና ውኃው እየተንጠባጠበ ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«የመጨረሻዋ ለኔ ነበረች» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን ብቻ አለቀሰች።