የቁራኛው ካቴና

እኔ ቡናና ቆዳ ስነግድ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ በሚዛን ያልተለካ ነገር አላምንም። ጥላ ተከተለኝ፣ ጋኔን ጠራኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ አፉን አሸታለሁ፣ ጠጅ ጠጅ ካላለኝ ደግሞ የሚሸጥልኝ ነገር ይኖረዋል ብዬ ኪሴን እይዛለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ወዳጄ፣ ኋላ ላይ "ይሄም አረጀና ጀመረው" እንዳትለኝ ነው።

ጊዜው ጣሊያን አገሩን የያዘበት ነው፣ እኔ ሆሳዕና ቤት ተከራይቼ እነግዳለሁ፣ ሚስቴ ጥሩነሽ የመጀመሪያ ልጃችንን ለመውለድ ሺንሺቾ እናቷ ቤት ሄዳለች። አንዲት ሞተር ብስክሌት ነበረችኝ፣ መንገድ ከሚሠራ አንድ ጣሊያን በሁለት በቅሎ ለውጬ የወሰድኳት፣ በቅሎዎቹ እንደሚያነክሱ እሱ አላወቀም፣ ሞተሯ ሰንሰለት እንደምትበጥስ እኔ አላወቅሁም፣ ሁለታችንም ደስ ብሎን ተለያየን።

አንድ ጠዋት ከሺንሺቾ ሌሊቱን በእግሩ ሲገሰግስ ያደረ ሰው መጣና "ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፣ ደም አለ፣ አዋላጆቹ ፈርተዋል፣ ቶሎ ድረስ" አለኝ። ሐኪም ቤት ሮጬ ደም የሚያቆም መድኃኒት ለምኜ ተቀበልኩ፣ ሞተሯን አስነሥቼ ገና ከግቢ ሳልወጣ ሰንሰለቷ ብጥስ። መለወጫ አዲስ ሰንሰለት ነበረኝ፣ ለእንዲህ ያለው ቀን ብዬ በዘይት ጨርቅ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት፣ ስፈታው ግን ሁለቱን ጫፍ የምታያይዘው ጥፍር የምታህል ብረት የለችም።

ጎረቤቴ ሀንዲሶ ብረት ቀጥቅጦ የሚያድር የሀድያ ሰው ነው፣ አማርኛውን ከገበያ የለቀመው። "ሀንዲሶ ወንድሜ፣ ለካቴና ማያያዣ የሚሆን ብረት ፈልግልኝ፣ ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው" አልኩት። ካቴና ያልኩት ጣሊያኖቹ የሞተርን ሰንሰለት እንደዚያ ስለሚሉት ነው። ሀንዲሶ ግን ካቴና ሲባል የሰማው እስር ቤት በር ላይ ብቻ ነው፣ ሄዶ ሄዶ ሁለት የእጅ ቀለበት ያለው የዛገ የእስረኛ ሰንሰለት ተሸክሞልኝ መጣ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ካቴና አላልክም? ካቴና ነው።"

"ሞተሯን ነው የምታስረው ወይስ እኔን?"

አልሳቀም። ከድሮው ችሎት ፍርስራሽ ያነሳው የቁራኛ ሰንሰለት ነበር። ምናልባት አልደረስክበት ይሆናል፣ ያኔ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ እስኪፈርድ እጅ ለእጅ ተቆራኝተው ይኖሩ ነበር፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ አንዱን ሽንት ቢይዘው ሌላውም ከእንቅልፉ ይነሳል።

"ሁለት ሰዎች ናቸው" አለ ሀንዲሶ፣ "በእንሰት ማሳ ድንበር የተጣሉ። ዳኛው ቁልፉን እንደያዘ ወደ ሸዋ ሄደ፣ ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ። አንዱ ታመመ፣ ሞተ። የዳኛ ሰንሰለት ማን ደፍሮ ይሰብራል? ሌላው ከሬሳው ጋር ቀረ። ሰው ባለፈ ቁጥር 'ዳኛ መጣ?' ይላል። ኋላ እሱም ዝም አለ።" ከዚያ አየኝ፣ የሚጨምረው ነገር ያለው መስሎ ነበር፣ ግን ተወው።

"እንግዲህ ባለቤቶቹ ካልፈለጉት ቁረጥልኝ" አልኩት፣ ቀልዱ ለራሴም አልጣመኝ። ከአንዱ ቀለበት ላይ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ ልክ የምትሆን ሚስማር አወጣልኝና ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። "ቀትር ላይ አትግጠመው፣ ትንሽ ዘንበል ትበል" ብሎኝ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ሚስቱ የምታምጥ ሰው የፀሐይ መዘንበል ሊጠብቅ?

የሞተሯን የኋላ ጎማ በግንድ አስደግፌ ከመሬት አነሳሁት፣ አዲሱን ሰንሰለት በማርሹ ጥርሶች ላይ አዞርኩ፣ ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጄ ይዤ ላገናኝ ስል ግራ እጄ የያዘው ጫፍ ሳብ አደረገኝ። በኃይል አይደለም፣ አብሮህ የታሰረ ሰው ፊቱን ሊያክ እጁን ሲያነሳ እንደሚስብህ ነው። ቅባቱ ነው ያንሸራተተኝ አልኩ። ደግሜ አገናኘሁ፣ ደግሞ ሳብ። ጎማውን በጉልበቴ ያዝኩት፣ እመነኝ፣ ጎማው ንቅንቅ አላለም፣ ሰንሰለቱ ግን ተወጥሮ፣ ሰው አጠገቤ ተኝቶ የሚገላበጥ ይመስል ቅጭል፣ ቅጭል ይላል። ግቢው ጭጭ ብሏል። ዶሮዎቹ አጥሩ ሥር ተደርድረዋል፣ የሚያዩት እኔን አይደለም፣ ከግራዬ ያለውን ባዶ ቦታ ነው።

ከዚያ ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ፣ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው የሻከረ ድምፅ፣

"ዳኛ መጣ?" አለኝ።

ሰው እንዲህ ሲገጥመው ይጮሃል ይላሉ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ስፈራ እዋሻለሁ። ገዢ ሲያስጨንቀኝ "ዕቃው ሌላ ገበያ ነው ያለው" ማለት የለመደ አፌ፣ እኔን ሳያማክር "ዳኛው ሺንሺቾ ነው፣ ልቀቀኝና ልሂድ" አለ። ሰንሰለቱ ላላ። ሚስማሯ ያለ መዶሻ ቦታዋን ያዘች።

ከተማውን ከወጣሁ በኋላ ነው ውሸቴ ውሸት እንዳልሆነ ትዝ ያለኝ። የጥሩነሽ አባት ግራዝማች፣ ከሸዋ ተመልሰው ሺንሺቾ ከመግባታቸው በፊት ሆሳዕና ዳኛ ነበሩ። የዚያን ጊዜውን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም፣ ሀንዲሶም ለምን እንደዚያ እንዳየኝ ያኔ ገባኝ። ላቁም አልኩ፣ ጥሩነሽስ? ነዳሁ። ሞተሯ ዳገቱ ላይ እህል እንደጫነች አህያ ታቃስታለች፣ ግራ እጄን መሪው ላይ አጥብቄ ካልያዝኩ ወደ ጎን ይሄድብኛል። አንጋጫ አካባቢ እንሰት የተሸከመች የከምባታ ሴት መንገድ ለቀቀችና "ደህና ዋላችሁ" አለችኝ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፣ አንዱን ሰው ብዙ ብታደርገው አይገርምም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የጥሩነሽ እናት እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመው ሳሉ ደረስኩ። እሳቸው ቡልጋ ተወልደው ያደጉ ናቸው፣ አማርኛ አይሳሳቱም፣ እኔን ደግሞ ሁልጊዜም "አንተ" ነው የሚሉኝ። መድኃኒቱን ከእጄ ተቀበሉና ከትከሻዬ ወደ ኋላ እያዩ፣

"ግቡ" አሉ። "ቆማችሁ አትቅሩ፣ ግቡ እንጂ።"

ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ወንድ ነው። መድኃኒቱም ደረሰላት፣ ጥሩነሽ ተረፈች። ግራዝማች ግን፣ ለማንም ከወንበራቸው ተነስተው የማያውቁት ሰው፣ ተነሱ።

"ሁለቱም መጡ?" አሉኝ።

"እኔ የሰማሁት የአንዱን ድምፅ ነው፣ አባባ።"

"ሌላው አይናገርም" አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ በየቀትሩ ወንበር ግቢ ያስወጣሉ፣ ፊት ለፊታቸው ማንም የለም፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ፣ "ለነገ ተቀጥሯል" ይሉና ይነሳሉ። ሰው አረጁ አለ። ሳይፈርዱ ሞቱ። ሲገነዙ ሦስት ሰው ተረባርቦ ግራ እጃቸውን ማጠፍ አቃተው። እኔ ሚስማሯን ፈትቼ የድሮው ችሎት ፍርስራሽ ውስጥ መለስኳት፣ ሞተሯንም ሸጥኳት፣ ለገዢው ምንም አልነገርኩትም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ የምጽፍልህ፣ ያን ቀን የተወለደው ልጄ ሕግ ተምሮ፣ ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና ዳኛ ሆኖ ስለተሾመ ነው። ቤቱ በእልልታ ሲሞላ እኔ ወደ ደጅ ወጣሁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፣ ዶሮዎቹ አጥሩ ሥር ተደርድረዋል። ግራ እጄን ሳብ አደረገኝ።

"ዳኛ መጣ?"

"አልመጣም" አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አምርሬ ዋሽቼ አላውቅም።

ልጄ በሩን ከፍቶ፣ እየሳቀ፣ ከትከሻዬ ወደ ኋላ አየ።

"አባዬ፣ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ምን ትሠራላችሁ?" አለ። "ግቡ እንጂ።"