ሽታው ሲጠፋ

መጀመሪያ ያላት ቃል «ተመለሺ!» የሚል ነበር።

የላቦራቶሪዋ ልጅ ለምርመራ ናሙና ልትቀዳ ወደ ፋብሪካው የፍሳሽ ጉድጓድ ስትጠጋ፣ የፓምፕ ጠጋኙ ሮጦ ደርሶ ክንዷን ያዘ። ጉድጓዱ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ መጀመሪያ ይሸታል፤ ሲበረታ አፍንጫን ይገድላል፤ ቀጥሎ ሰውን።

ከዚያ ወዲህ ሽቶ መቀባት ጀመረች።

«እዚህ አካባቢ ደህና የሚሸት ነገር አንቺ ብቻ ነሽ» ይላታል።

አባቷ የፈረቃው አለቃ ናቸው። ጠጋኙን «ድንጉጥ» ብለው ነው የሚጠሩት። «ሽታ በሸተተው ቁጥር ሥራ የሚያስቆም ወንድ ለትዳር አይሆንም» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል።

አንድ ጠዋት የጉድጓዱ ፓምፕ ተበላሸ። ሽታው ግን ጠፍቶ ነበር።

«ይኸው አየሩ ጠራልህ! ውረድና ጠግን» አሉት አለቃው፤ ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ጠጋኙ መሰላሉ አጠገብ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ፣ ልጅቷ የናሙና ዕቃዋን ይዛ መጣች።

«ዛሬ ሽቶውን ነፈግሽኝ?»

«ምን ነካህ? ተነክሬበት ነው የመጣሁት!»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ። እሷም የእጇን አንጓ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ምንም የለም።

ተያዩ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ነፋሱ ወደሚመጣበት ሮጡ።

አለቃው በመስኮት አይተው ወጡ። «ደግሞ ምን አስበረገገህ? አንተ ካልወረድክ እኔ እወርዳለሁ!» እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ጉድጓዱ አመሩ።

«አባዬ፣ ጋዙ ነው! አፍንጫችንን ገድሎታል!»

«ዝም በይ አንቺ!»

«እሺ ውረድ። ስትወድቅ ላወጣህ እከተልሃለሁ» አለች ልጅቷ።

«እሷን ላወጣ ደግሞ እኔ» አለ ጠጋኙ። «ድንጉጥ ነኝ። ግን እወርዳለሁ።»

አለቃው ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ። ልጃቸውን አዩ፤ ጠጋኙን አዩ። ከዚያ መሬቱን። ሁልጊዜ እዚያ የሚያንዣብቡት ዝንቦች ጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ረግፈዋል።

እያፈገፈጉ ወደ ልጆቹ መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ማስቆሚያውን ተጫን» አሉት።

«የፓምፑን?»

«የፋብሪካውን! ሁሉንም!»

ጠጋኙ አጠገባቸው በነበረው የፋብሪካው ግድግዳ ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ በአንድ እጁ ተጫነው። የሞተሮቹ ጩኸት እየሰለለ ሄዶ ጭር አለ። ሌላውን እጁን ልጅቷ እንደያዘችው ነበር።

አባቷ አዩ። ልቀቂው አላሏትም።