በሁለቱ ቤቶች መካከል የቆመችው ቃል ተሸካሚ

ዘመንን ሳይቈጥር የሚያውቅ፥ ያልሆነውንም እንደ ሆነ አድርጎ የሚያይ ልዑል እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። መንግሥታት በፊቱ እንደ ማለዳ ጤዛ ናቸው፤ ሐመልዛርም ከእነዚያ አንዲቱ ነበረች። የደረሰባትን ሁሉ እርሱ ያውቃል፤ እኛ የምንናገረው ወደ እኛ የደረሰውን ያህል ነው።

ከሐመልዛር ከተማ በላይ፥ በጼዴቅ ተራራ ትከሻ ላይ፥ በድንጋይ ግድብ የታጠረ ታላቅ ሐይቅ ነበረ። ንጉሥ አብዳን በነገሠ በሠላሳኛው ዓመት፥ ክረምቱ ሳይወጣ፥ ግድቡ ሰባት ቀን ሙሉ እንደ ታማሚ ግንባር ላብ አወጣ። በስምንተኛው ቀን ማለዳ፥ በድንጋዮቹ መካከል ጎጆ የሠሩት ነጫጭ ወፎች እንቁላላቸውን ጥለው ተነሡ፤ የከተማይቱን ሰማይ ሸፍነውም ወደ ምሥራቅ አለፉ። ካህናቱ ይህን አይተው ምሕላ አዘዙ።

ሣህላይ ወፎቹን ያየቻቸው በሸንጎው ደጃፍ ቆማ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበረ። የተወለደችበት፥ ሸንበቆ የሚባለው መንደር ከግድቡ እግር ሥር፥ ውኃው ቢያመልጥ መጀመሪያ የሚረግጠው ስፍራ ነው፤ እናቷም በዚያ እግራቸውን ታመው ከተኙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከወፎቹ በኋላ ሰማዩ ባዶ ቀረ። ሣህላይ ግን እጇን የምታሳርፍበት አጥታ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዝ ጀመር።

ሥራዋ ቃል መሸከም ነበረ። በሐመልዛር ሁለት ቤቶች ነበሩ። ሰማያዊ መታጠቂያ የሚታጠቀው ቤተ ሰገነት «ውኃው ይጠበቅ፥ እህሉ በአንድ ጎተራ ይግባ፥ ሕጉም ከአንድ ስፍራ ይውጣ» ይላል። ቢጫ የሚታጠቀው ቤተ መስክ ደግሞ «ውኃው ይለቀቅ፥ እያንዳንዱ መንደር የራሱን ቦይ ይቅደድ፥ የራሱንም ዳኛ ይሹም» ይላል። ሕዝቡ በየሰባት ዓመቱ ጠጠር ይጥላል፤ ጠጠር የበዛለት ንጉሡን ያማክራል፥ ያነሰበት ይቃወማል። በአያቶች ዘመን በሸንጎው መካከል ሰይፍ ስለ ተመዘዘ፥ ሁለቱ ቤቶች በሁለት አዳራሽ እንዲቀመጡ ተደነገገ፤ አንዱ በምሥራቅ፥ አንዱ በምዕራብ፥ ንጉሡም በመካከላቸው ባለው ግቢ። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት ተነጋግረው አያውቁም። አንዱ የተናገረውን ቃል ተሸካሚ ሰምታ፥ ግቢውን አቋርጣ ለሌላው ታደርሳለች።

በዚያ ቀን በምሥራቁ አዳራሽ የቤተ ሰገነቷ ተናጋሪ እመት ሐርሴና ተነሥተው፥ ፀሐይ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው እስክትሻገር ተናገሩ። ሣህላይ ሁሉንም ሰማች። ግቢውንም አቋርጣ፥ ቃል ተሸካሚዎች ከመምህሮቻቸው እንደ ተማሩት፥ ፍሬውን ብቻ አደረሰች፦

«ቤተ ሰገነት አይከፈትም ይላል።»

«ይህን ለማለት ነው ይህን ሁሉ ሰዓት የቆዩት?» አለ ዘርዓም፥ የቤተ መስኩ ጎልማሳ፥ በግድቡ አጠገብ ከብት ሲያሰማራ ያደገ፥ አፉ የማይታሰር ሰው። «አሮጊቷ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር መሰለኝ!» አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ። ከዚያም እርሱ ራሱ ጉሮሮው እስኪደርቅ ተናገረ። ሣህላይም ይህን ወደ ምሥራቅ ተሸክማ ተመለሰች፦

«ቤተ መስክ ዛሬውኑ ይከፈት ይላል።»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግቢውን ስድስት ጊዜ ተመላለሰችው። በስድስተኛው ንጉሡ ከዙፋናቸው ተነሡ።

«ስሙኝ፥ የሐመልዛር ልጆች!» አሉ። «የግድቡን በር በጀርባው ደግፎ የተቀመጠው ጸማም የንጉሥ ትእዛዝ እንደማይሰማ ታውቃላችሁ። ተራራ የሚያህለው ያ ፍጡር የሚሰማው ሁለቱ ቤቶች በሁለቱ ጆሮዎቹ ቆመው ተሟግተው ሲስማሙ ብቻ ነው። ለዘጠና ዓመት አልተስማማችሁም፤ በሩም ለዘጠና ዓመት አንዲት ጣት እንደ ተከፈተ ቀርቷል። ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ይውጣ! ሳይስማማ የሚመለስ ግን ወደ እኔ አይመለስ።»

እያንዳንዱ ቤት ቢቀርበት የማይጎዳውን ሰው ላከ፤ ቤተ ሰገነት ንግግራቸው የሰለቸውን እመት ሐርሴናን፥ ቤተ መስክ አለቆቹን የሚሳደበውን ዘርዓምን። ሣህላይም ሳትጠራ ወደ ዙፋኑ ቀረበች።

«ንጉሥ ሆይ፥ ቃል ተሸካሚ የሌለበት ሸንጎ የለም። መንደሬ ከግድቡ ሥር ነው። እኔም እሄዳለሁ።»

ሦስቱም በወንጌል ላይ እጃቸውን አኑረው «በሩን ሳናንቀሳቅስ ብንመለስ መሬት አትቀበለን» ብለው ማሉ፤ ዝናቡ እየወረደባቸውም ወጡ።

መንገዱ የሁለት ቀን ነበረ፤ ጠብ ያልነበረበት ምዕራፍ አልነበረም። ዘርዓም ፈጥኖ መሄድ ይወዳል፤ እመት ሐርሴና ድንጋዩን በበትራቸው ሳይመቱ አይረግጡም።

«እመት፥ እንዲህ ከሄድን ግድቡ ራሱ መጥቶ ይቀበለናል» አለ ዘርዓም።

«አንተ እንደ ፍየል ዝለል። ስትወድቅ የምለቅምህ እኔ ነኝ።»

በሁለተኛው ቀን ጠዋት በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ክንፋም ጅቦች ወረዱባቸው። ዘርዓም በጦሩ ሁለቱን ጣለ፤ ሦስተኛው የእመት ሐርሴናን ክንድ ነከሰ። ሴትዮዋም በትራቸውን በአፍንጫው ሲያቀምሱት ጮኾ ወደ ገደሉ ተወረወረ። ዘርዓም ቢጫ መታጠቂያውን ፈትቶ ቁስላቸውን ሊያስር ሲል እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይህን ቀለም ታጥቄ? ደሜ ይፍሰስ!»

«እንግዲያው ይፍሰስ፤ ለቀብርዎ ግን ራስዎ ይውረዱ፥ እኔ አልሸከምም» አለና በግድ አሰራቸው።

መተላለፊያውን ሲጨርሱ ከጥንት የቆመ የድንጋይ ዓምድ አገኙ። ዓምዱን የተከሉት ሁለቱን ቤቶች የመሠረቱት ሰዎች ነበሩ። እመት ሐርሴና የድንጋዩን ሽበት በመዳፋቸው ጠርገው ጽሕፈቱን ጮኸው አነበቡ። በመጀመሪያ ቤቶቹ ሁለት ሳይሆኑ ሰባት ነበሩ፤ የሸክላ ሠሪዎች ቤት፥ የዓሣ አጥማጆች ቤት፥ የሸማኔዎች ቤት፥ ሌሎችም። ነገር ግን የንጉሡ አማካሪ ወንበር አንድ ብቻ ስለ ነበረ፥ ጠጠር የበዛለትም ሁሉን ስለሚወስድ፥ ትንንሾቹ ቤቶች ለብቻቸው መሸነፍ ሰለቻቸውና እያንዳንዳቸው ወደ አንዱ ትልቅ ቤት ተጠጉ። ሁለት ብቻ የቀሩት እንዲህ ነው። እመት ሐርሴና እስከዚህ በደኅና አነበቡ፤ ቀጥሎ ድምፃቸው ተሰበረ።

«‹ቤተ ሰገነት... ውኃው ይለቀቅ ዘንድ ተመሠረተ።›»

«ምን አሉ?»

«‹ቤተ መስክም ውኃው ይጠበቅ ዘንድ።›»

ዘርዓም ራሱ ቀርቦ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ለካ ያን ጊዜ ድርቅ ነበረና የሰገነት ሰዎች ውኃ ለመኑ፤ የመስክ ሰዎች ደግሞ በቀድሞው ጎርፍ ዘራቸው ስለ ተወሰደ በሩን ፈሩት። ዘመን ሲገለበጥ ሁለቱ ቤቶች ቀስ በቀስ ስፍራ ተለዋወጡ፤ መታጠቂያቸውን ግን አልለወጡም።

«እግዚኦ!» አሉ እመት ሐርሴና በድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው። «አርባ ዓመት ሙሉ ያንተን አያት ስሟገትለት ኖሬአለሁ።»

ዘርዓም ሊሥቅ ጀምሮ ተወው። «እንዲያ ከሆነ እመት፥ አሁን በሩን የሚፈሩት ለምንድን ነው? የቤትዎን ሳይሆን የራስዎን ይንገሩኝ።»

«አባቴ ግንበኛ ነበር። በስድስተኛው ረድፍ ያለው ድንጋይ ተሰንጥቋል። በሩ በአንድ ጊዜ ቢከፈት የሚሮጠው ውኃ ያን ድንጋይ ስቦ ያወጣዋል፤ ያን ጊዜ ግድቡ ሁሉ ይከተላል።»

«ይህን በሸንጎ ቢናገሩት ኖሮ—»

«ተናግሬአለሁ! ሦስት ክረምት ተናግሬአለሁ!»

 ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ሣህላይ ዘወር አሉ።

ሣህላይ ያን ጊዜ ገባት። ግቢውን በዝናብ ስታቋርጥ፥ ረጅሙን ነገር በልቧ ስታሳጥር፥ ይህንም እንደ ሙያ ስትኮራበት ታያት። «ፍሬውን ብቻ እንድናደርስ ነው የተማርነው» አለች። «ምክንያቱን... ምክንያቱን ሁልጊዜ ግቢው ላይ እጥለው ነበር። ከእኔ በፊት የነበሩትም እንዲሁ።»

 መንገዱ አጭር፥ ውኃውም ቅርብ ስለ ነበረ ተነሥተው ሄዱ፤ እርሷ ግን ከዚያ ወዲያ እግሯ የሚረግጠውን አላየችም።

ወደ ማታ ገደማ ጸማምን አዩት። ጉልበቱ ላይ ዛፍ በቅሎበታል፥ ጀርባው ከበሩ ጋር ተጣብቋል። በግራና በቀኝ ጆሮዎቹ መካከል ጥልቅ ሸለቆ አለ፤ በሸለቆውም የሚያገሣው ፏፏቴ አንዱ ዳር የተባለውን ሌላው ዳር እንዲሰማ አይተውም። በመካከሉ የድንጋይ ድልድይ ተዘርግቶ፥ በላዩ ወተት የመሰለ ጉም ተኝቷል።

«ጸማም የሚቀበለው ከድልድዩ መካከል የሚተላለፈውን ቃል ብቻ ነው፤ ጉሙ ግን ድምፅ ይበላል» አሉ እመት ሐርሴና፥ የሣህላይን እጅ ይዘው። «አባቴ ነግሮኛል። ሁለት ሦስት ቃል ተናግረሽ ብታልፊ አይነካሽም። ብታስረዝሚ ግን ድምፅሽን ይወስደዋል፤ አይመልሰውም። ልጄ፥ አጭር አጭሩን አድርሺ።»

«እሺ እመት» አለች ሣህላይ፤ ፈርታ ነበርና።

እመት ሐርሴና በምሥራቁ ጆሮ፥ ዘርዓም በምዕራቡ ቆሙ። ሣህላይ በድልድዩ መካከል ሆና እንደ ወትሮዋ ጀመረች፦ «አይከፈት ይላሉ!» ብላ ወደ ዘርዓም፥ «ይከፈት ይላል!» ብላ ወደ እመት ሐርሴና። ጸማም የዓይኑን ሽፋን እንኳ አላነሣም። ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በሦስተኛው ከግድቡ አናት ላይ በሬ የሚያህል ድንጋይ ተላቀቀና እየተንከባለለ ወረደ። በዓይኗ ተከተለችው። ከሥር የሸንበቆ መንደር ጭስ ይታያል፤ ከእነዚያ ጭሶች አንዱ የእናቷ ቤት ነው።

ያን ጊዜ ሣህላይ ወደ ምሥራቁ ዳር ተመለሰችና፦

«እመት፥ ሁሉንም ይንገሩኝ። አንድም አልጥልም» አለች።

«ድምፅሽስ?»

«ይንገሩኝ።»

እመት ሐርሴና ከቆሙበት የሚያዩትን ነገሯት፤ ስንጥቁ ከቀድሞው ይልቅ እንደ ሰፋ፥ እጅ እንደሚያስገባ፥ ኃይለኛ ውኃ ጨርሶ እንደማይችል። ሣህላይ ወደ ጉሙ ገብታ ቃል በቃል፥ ከነምክንያቱ፥ ከነፍርሃታቸው አደረሰችው። ጉሮሮዋ እንደ በረዶ ቀዘቀዘ። ዘርዓምም እርሱ ብቻ ከሚያይበት ዳር ሆኖ መለሰ፤ ሐይቁ በየቀኑ አንድ ክንድ እየጨመረ ነው፥ ለአናቱ የቀረው ሦስት ክንድ ነው፥ በአራተኛው ቀን ማንም ባይከፍተው ራሱ ይሻገራል። ይህንም ተሸከመች። ድምፅዋ አሁን ሻካራ ሆኗል።

የጸማም ዓይን ተከፈተ።

«ሦስት ቀን አለን እያለ ነው?» አሉ እመት ሐርሴና። «እንግዲያው በአንድ ጊዜ መክፈት አያስፈልግም፤ ስንጥቁ ትንሽ ውኃ ይችላል። ሐይቁን ለማቆም ምን ያህል መክፈት እንደሚበቃ ጠይቂው!» ጠየቀችው፥ ረጅሙን ጥያቄ በሙሉ። ዘርዓም በጣቱ ለካ፥ አሰበ፥ ተሳደበ፥ እንደገና ለካ። «አንድ ጋት!» አለ። «አንድ ጋት ቢከፈት ሐይቁ መጨመሩን ያቆማል። የሸንበቆ እርሻ ግን ቀስ በቀስ ይሰጥማል፤ ሕዝቡ በሦስት ቀን ወደ ኮረብታው ይውጣ። እህላቸውን ከጎተራችሁ ስጧቸው በያቸው! ያለዚያ አልስማማም!»

ሣህላይ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ጉሙ ገባች። ከድምፅዋ የቀረው ክር ያህል ነበር፤ እርሱንም ሳትቆጥብ ጎተራውን፥ ሦስቱን ቀን፥ አንዱን ጋት ተናገረች። «ይሁን! ቤተ ሰገነት ይሰጣል!» ብለው እመት ሐርሴና ጮኹ። ይህን መልሳ ስታደርስ ከከንፈሯ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበረ፤ ዘርዓም ከአፏ እንቅስቃሴ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ የራሷን አንድ ነገር ልትጨምር፥ «እናቴን አስቀድሙልኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም።

ጸማም ግን ሰምቶ ነበር። ተራራው እስኪንቀጠቀጥ ተነፈሰ፤ ጀርባውንም ከበሩ ላይ አንዲት ጋት ያህል አራቀ።

ውኃው በልክ ወረደ። በሦስት ቀን ውስጥ የሸንበቆ አራት መቶ ቤተ ሰብ ወደ ኮረብታው ወጣ፤ እርሻው ሰጠመ፥ አንዲት ነፍስ ግን አልጠፋችም። የሣህላይን እናት ዘርዓም በጀርባው አዝሎ አወጣቸው። ልጃቸውን ሲያዩ አቅፈው ሳሟት፥ ፊቷንም ዳሰሱ።

«ልጄ፥ ምነው ዝም አልሽኝ? ተቀየምሽኝ እንዴ?»

ሣህላይ የእናቷን እጅ ወስዳ በጉሮሮዋ ላይ አኖረች። ዘርዓም ሊያስረዳ ጀምሮ፥ ያ የማይታሰር አፉ ታሰረና ወደ ውኃው ዞረ።

ንጉሡ ሁለቱን አዳራሽ አፍርሰው አንድ አሠሩ። ሁለቱ ቤቶች ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ተስማምተው ግን አልተቀመጡም። ሰገነት ይጠበቅ ይላል፥ መስክ ይለቀቅ ይላል፤ ምናልባት በልጅ ልጆቻቸው ዘመን ደግሞ ይለዋወጡ ይሆናል። ሣህላይ አፈ ጉባኤ ሆና በመካከላቸው ተሾመች። «ድምፅ የሌላት አፈ ጉባኤ!» ብሎ አንድ ጎረምሳ ከኋላ ወንበር ሲቀልድ በበትሯ ወለሉን መታች፤ ጸጥ አለ። አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ቢነሣ ትመታለች፤ ምክንያቱን ሳይናገር «እንቢ» ብሎ የሚቀመጥ ቢኖርም ትመታለች፥ ተነሥቶም እስኪጨርስ አትለቀውም። ክርክሩ ከጠዋት እስከ ማታ ይዘልቃል፤ እርሷም በየቀኑ ሳትታክት፥ ሳትዘናጋም፥ ሁሉንም እስከ ፍጻሜው ታደምጣለች።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፥ እግዚአብሔር በቤታችሁ ያለውን ባልና ሚስት፥ ወንድምና እኅት፥ እርስ በርሳቸው እስከ መጨረሻው የሚደማመጡ ያድርግላችሁ። ማዕዳችሁን ይባርክ፥ ደጃችሁን ከክፉ ውኃና ከክፉ ቃል ይጠብቅ፥ አረጋውያኑን በጤና ያኑር፥ ሕፃናቱንም በጥበብ ያሳድግላችሁ። አሜን።