ከሶር የተቀዳው የመጨረሻ ጠርሙስ

አብነትን ከሶር ወንዝ ዳር ሲያነሷት ቀኝ እጇ የተከደነ የመስታወት ጠርሙስ እንደ ጨበጠ ደርቆ ነበር። የራስ ቅሏ ከኋላ ተሰንጥቋል። ከመቱ ኮረብቶች የወረደው ጭጋግ እንደ መግነዝ ወንዙን ከድኖታል።

ሟቿ የውኃ ለኪ ነበረች። የምትሠራበት ድርጅት ሶር ውስጥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይበትናል፤ ዱቄቱ ሟሙቶ በባሮና በነጭ ዓባይ አልፎ ባሕር ሲደርስ፣ ባሕሩ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ እንዲያስቀር ታስቦ ነው። በእርግጥ ማስቀረቱን የምታረጋግጠው አብነት ነበረች።

በመጨረሻ ያያት የድርጅቱ ሾፌር ታጁዲን ታሰረ። ኢንስፔክተር ሽብሬ ግን ጠርሙሱን ጠረጴዛዋ ላይ አቁማ ስታጤነው ሰነበተች። በኋላም የሟቿን ረዳት ኡሙልኸይርን አስጠራች።

«ከማን ጋር ተጣልታ ነበር?»

«ከኃላፊያችን ከጋሼ አስፋው። ‹ዱቄቱ ሳይሟሟ ወንዙ ሥር ይተኛል፤ ባሕር የሚደርስ ነገር የለም› አለቻቸው። ሰኞ ለሚመጡት ገንዘብ ሰጪ እንግዶች ልትናገር ነበር።»

«እሳቸውስ?»

«‹ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ማን ሄዶ ያያል?› አሏት።»

በማግሥቱ ሽብሬ ታጁዲንን፣ ኡሙልኸይርንና አስፋውን ወንዙ ዳር ሰበሰበች። የታጁዲንን ካቴና አስፈትታ ባዶ ጠርሙስ ሰጠችው።

«ሞልተህ ቅዳልኝ።»

ቀድቶ ሰጣት፤ አንገቱ ላይ አየር ቀርቷል። «ወላሂ እትዬ፣ ውኃ መቅዳትም ያሳስር ጀመር?»

«እርስዎስ፣ አቶ አስፋው?»

ኩራት ቀደመው። ጠርሙሱን አጠለቀ፤ በጣቱ መታ መታ አድርጎ እዚያው ውኃው ውስጥ ከደነው። «አንዲት አረፋ ከቀረች ልኬቱ ይበላሻል። ልጆቹን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ሽብሬ የሟቿን ጠርሙስ አወጣች። «ይህም አረፋ የለውም። ስለዚህ የታጁዲን እጅ አልቀዳውም። አሁን ቀረብ ብላችሁ እዩ።»

ዱቄቱ ከሥር ዘቅጦ በጠራው ውኃ ውስጥ ክር የመሰለች ትል ትዋኛለች።

ኡሙልኸይር ወደ ኋላ አፈገፈገች። «አይሆንም! አብነት ጠርሙስ ሳትከድን የመርዝ ጠብታ ትጨምር ነበር፤ ነፍስ ያለው ነገር ሲተነፍስ ልኬቱን ይለውጠዋል። እኔም እንደዚያው ነኝ።»

«የመርዙ ብልቃጥ ማኅተሙ ሳይነካ ኪሷ ውስጥ ተገኝቷል። እንግዲህ የቀዳችው እሷ አይደለችም። ውኃ ስትቀዳ ወድቃ ሞተች እንዲባል፣ ሌላ ሰው ቀድቶ አስጨብጧታል። አንቺ ብትሆኚ ደግሞ መርዙን አትረሺም። መርዝ መጨመሩ መቼ ነው የተጀመረው?»

«አብነት ናት ያመጣችው፤ ጋሼ አስፋው መስክ መውጣት ካቆሙ በኋላ።»

«አረፋውን የሚያውቅ፣ መርዙን የማያውቅ፤ እዚህ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አስፋው በኖራ ወደ ነጣው ውኃ ዞረ። «ሰኞን ዝም ብላ ብታሳልፈው ኖሮ…» አለ።

ካቴናው አስፋው እጅ ላይ ሲገባ ታጁዲን የራሱን አንጓ እያሸ ወደ ጠርሙሱ ተጠጋ። «ሚስኪን ትል! ወንዙ ውስጥ ልልቀቃት?»

«ተዋት» አለች ሽብሬ። «ገና ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»