በአቋራጩ ላይ የሞተው ድሬሰር

የድሬሰር ኃይለ ጊዮርጊስ አስከሬን ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው ሸለቆ፣ ከበቅሎው መንገድ ሥር ገደል ውስጥ ተገኘ። ጊዜው ኅዳር 1964 ዓ.ም. ነበር። ሟቹ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የሸለቆውን ልጆች ፈንጣጣ ሲከትብ ቢኖርም፣ ሬሳው ላይ የሚያለቅስ ዘመድ አልነበረም።

«በቅሎዋ ጥላው ነው» አሉ ያገኙት ገበሬዎች።

መቶ አለቃ ይግዛው የሟቹን ኪስ ፈትሾ ያገኘው አንድ የዝውውር ደብዳቤ ብቻ ነው። ከዚያም የበቅሎዋን ባለቤት፣ አዛውንቱን ቢሆነኝን አስከትሎ በዚያው በበቅሎው መንገድ አቀበቱን በእግሩ ወጣ። አጋማሹ ላይ ረግረግ ነበር፤ ሁለቱም እግራቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተሻገሩት። በቅሎዋን ከነኮርቻዋ አቀበቱ አናት ላይ፣ መኪና መንገዱ ዳር ሣር ስትግጥ አገኟት።

መቶ አለቃው ሳይነካት ዙሪያዋን ዞረ።

«አባቴ፣ እርካቡን ለሟቹ የለኩለት እርስዎ ነዎት?»

«እኔው ነኝ ጌታው። ትናንት ሲነጋ፣ ቢቸና ላይ። እግሩ ረጅም ስለሆነ ጠፍሩን እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ለቅቄለት ነበር።» ሽማግሌው ቀረብ ብለው አዩና ፊታቸው ተለወጠ። «ይኸማ በሦስት ቀዳዳ አጥሯል!»

«ደብዳቤውንስ ያውቁታል?»

«በቅሎዋ ላይ ከወጣ በኋላ ተላላኪ ሮጦ ደርሶ እንደታሸገ ሰጠው። አነበበና ለማንም ሳይነግር ኪሱ ከትቶ መንገዱን ጀመረ። ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም።»

እኩለ ቀን ላይ የጭነት መኪና ከሞጣ እያቃሰተ መጣ። መቶ አለቃው እጁን ዘርግቶ አስቆመው። ሾፌሩ ገብረ ኪዳን ወረደ፤ ከአጠገቡ የቢቸናው መምህር አካለ ወልድ፣ ነጭ ሸራ ጫማ ያደረገ አጭር ሰው፣ ተከትሎት ወረደ። የሟቹ ብቸኛ ወዳጅ እሱ ነበር።

«ድሬሰሩ ከስሶህ ነበር አሉ» አለው መቶ አለቃው ሾፌሩን።

«ሰው በጭነት ላይ ታሳፍራለህ ብሎ ከሶኛል፤ አልደብቅም። ግን ትናንት ከቢቸና ወደ ሞጣ ስሄድ ከመሪዬ አልተነሣሁም። አቀበቱ ስለከበደኝ ተሳፋሪዎቹን ከታች አወረድኳቸው። እነሱ በአቋራጩ፣ በዚህ በበቅሎው መንገድ፣ በእግር ወጡ፣ እኔ በጠመዝማዛው ዞርኩ።»

«አናቱ ላይ ማንን አገኘህ?»

«መምህሩን። ከሁሉም ቀድሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሌሎቹ ቆይተው፣ በጭቃ ተለውሰው መጡ።»

«የእሱስ ጫማ?»

ሾፌሩ የመምህሩን ጫማ ዞሮ አየ። «ንጹሕ ነበር።»

መቶ አለቃው ወደ መምህሩ ዞረ። «ወዳጅዎን መንገድ ላይ አላዩትም?»

«ከእሑድ ወዲህ አልተገናኘንም። ምስኪን! የሚዛወርበት ደብዳቤ በደረሰው ቀን ይሙት?»

መቶ አለቃው ሦስቱንም ወደ በቅሎዋ ጠራቸው።

«በቅሎዋ ጥላው ቢሆን እርካቡ በእሱ ልክ ይቀር ነበር። ከእሱ በኋላ አጭር ሰው ጋልቧታል፤ ገደል አፋፍ ላይ እግሩ ተንጠልጥሎ መጋለብ ስላስፈራው ጠፍሩን አሳጠረ። አባታችን ከሟቹም ይረዝማሉ። ሾፌሩም ረጅም ነው፤ መኪናውንም ትቶ አልሄደም። በእግር የወጣ ሁሉ ረግረጉ ውስጥ ሲገባ፣ አንድ ሰው ብቻ ሁሉንም ቀድሞ፣ ጫማው ሳይቆሽሽ ደረሰ። በቅሎ ላይ ስለነበረ ነው። ደብዳቤው ደግሞ ለሟቹ የደረሰው ትናንት ጎሕ ሲቀድ፣ ጉዞ ሲጀምር ነው። መምህር፣ ከእሑድ ወዲህ ካልተገናኛችሁ ማን ነገረዎት?»

አካለ ወልድ ሸለቆውን ቁልቁል አየ። እስከ አድማስ ድረስ አንድ ጭስ እንኳ አይታይም ነበር።

«አምስት ዓመት እራታችንን አብረን በላን» አለ በመጨረሻ። «መንገድ ላይ ስደርስበት ደብዳቤውን እየሳቀ አሳየኝ። ‹እኔስ ብቻዬን ልቀር?› አልኩት። ‹ትለምደዋለህ› አለኝ። ከኮርቻው ጎተትኩት። ገደሉን አላሰብኩትም። ከኋላዬ የሰው ድምፅ ስሰማ በቅሎዋ ላይ ወጣሁ።»

ሽማግሌው አማተቡ። መቶ አለቃው መምህሩን ለማሰር አልቸኮለም፤ ደብተርና እርሳስ ሰጠው።

«መርዶውን የምልክበት አጣሁ። የእናቱን ቤት ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።»

መምህሩ ደብተሩን መኪናው ላይ አስደግፎ «ወይዘሮ ወለተ ሐና፣ አሰበ ተፈሪ፣ ከገበያው በላይ» ብሎ ጻፈ። ስሟን ሰርዞ እንደገና ጻፈው፤ እንደ ተማሪ ቤት ጽሕፈት፣ አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ።