በሩን የረሳው ስልክ

ዲግሪ የሞተው ተቀምጦ ነው። በመድኃኒት መጋዘኑ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ፣ ጀርባውን ለብረት በሩ ሰጥቶ፣ ጉልበቱን አቅፎ። እሑድ ጠዋት በር ሠሪው ማጠፊያዎቹን ነቅሎ በሩን ሲያነሣው አስከሬኑ ወደ ኋላ ተንጋለለ፤ ያን ያየችው ሚስቱ ናት። በቀኝ እጁ ስልኩን ጨብጧል። ጭኑ ላይ የሙቀት መመዝገቢያ ሰሌዳው ነበር።

ዲግሪ ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ዛሬ ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ነው» እያለ ያገኘውን ሁሉ ስላደነቆረ ስሙ ሆኖ ቀረ። ለሦስት ደቂቃ የሙቀት ንባብ ሲገባ እንኳ በሩን ከኋላው ይዘጋል። ክፍት የተወ ሰው ካገኘ ደግሞ ወዮለት፣ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭበት ይውላል።

ፖሊስ ነገሩን ለመዝጋት ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። በሩ የሚከፈተው በስልክ ነው፣ ከውጭም ከውስጥም። ለክፉ ቀን ተብሎ ከውስጥ የተሠራው እጀታ ከተሰበረ አራት ወር ሆኖታል፤ የጠገነው የለም። በቅርቡ ደግሞ የበሩ አፕ በአሮጌ አንድሮይድ ላይ መሥራት አቆመ። ሥራ አስኪያጁ ዲግሪን ጠርቶ «ወይ አዲስ ስልክ ትገዛለህ፣ ወይ ከማቀዝቀዣው ትነሣለህ» አለው። አዲስ ስልክ ከየት ይምጣ? ስልክ ጠጋኝ የሆነው ታናሽ ወንድሙ በስድስት ዓመት ስልኩ ላይ አዲስ ሶፍትዌር ጫነለት። ሐሙስ በሩ ተከፈተ። ቅዳሜ ዲግሪ ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ አልከፈት አለ። የብረቱ ግድግዳ ኔትወርክ ስለማያስገባ መደወልም አልተቻለም። ወንድምየው ራሱ ጣቢያ መጥቶ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ብሎ እጁን ሰጠ። ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል?

ፋይሉ ግን ለፊርማ የቀረበው ለ«ቆይ እስቲ» ነበር።

ይህም ስም አይደለም። ሴትዮዋ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ጉልበቷን የሚያማት ኢንስፔክተር ናት። ሰው ሁሉ ለመጨረስ ሲቸኩል እሷ «ቆይ እስቲ» ትላለች፤ አለቆቿ በዚህ ነው የሚጠሏት። ሰሌዳውን አንሥታ አነበበች። ዲግሪ ተቆልፎበትም ሥራውን አልተወም፤ በየሩብ ሰዓቱ መዝግቧል።

6፡10። ‑20። በሩ እምቢ አለ።
6፡25። ‑20። መታሁ።
6፡40። ‑20። ራዲዮ ተከፈተ።
6፡55። ‑20። መታሁ።

እንዲህ እያለ እስከ 8፡40 ይደርሳል፤ መጨረሻ ላይ ፊደሎቹ ከመስመራቸው ወርደዋል። ፋይሉን የሠራው መርማሪ ‹ራዲዮ› የሚለውን አስምሮበት «ቅዝቃዜ ያቃዣል» ብሎ ጽፏል።

«ቆይ እስቲ» አለች።

ወንድምየውን ያገኘችው በእስር ክፍሉ፣ ፊቱን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀምጦ ነው። ሁለት ቀን አልበላም። ስልኩን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ፊቱን ከግድግዳው አላነሣም።

«እየው» አለችው።

«አልችልም ኢንስፔክተር። የማውቀውን ተናግሬያለሁ። ፋብሪካው ለዚያ ስልክ ሶፍትዌር መልቀቅ ካቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል። ‹ጋሼ፣ እኔ አለሁልህ› ብዬ ሌሎች የሠሩትን ፈልጌ ጫንኩለት። አሮጌ ዕቃ ነው፤ ብርዱ ውስጥ ከዳው። የእኔ ጥፋት ነው።»

«ሲከዳ ምን ይሆናል?»

«ሲበራ የሚመጣው የፋብሪካው አርማ ላይ ይቸከላል። በራ ጠፋ፣ በራ ጠፋ ሲል ይውላል።»

«ያንን አይተሃል?»

«ማን አሳይቶኝ?»

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ጣቢያ ውስጥ ቻርጅ አድርጋው ነበር። ማብሪያውን ተጫነችና ፊቱ ደቀነችው። ‹እንኳን ደህና መጡ። ቋንቋ ይምረጡ› ይላል።

ወንድምየው አጎንብሶ ጽሑፉን አነበበ። ከዚያ ስልኩን ከእጇ ወሰደው፤ ከሁለት ቀን ወዲህ እጁ ሲንቀሳቀስ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ይኼ ብልሽት አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ብልሽት እንዲህ ንጹሕ አይሆንም። አንድ ሰው ገብቶ ‹ሁሉንም አጥፋ› ብሎታል። ያኔ አፑም አብሮ ይሄዳል፣ በሩንም አያውቀውም።»

«ወንድምህ በድንጋጤ ነካክቶት ቢሆንስ?»

«ዝም ብሎ በመነካካት አይሆንም። የሚስጥር ቁጥር ያስገባሉ፤ ‹እርግጠኛ ነዎት?› ይላል፤ እንደገና ይጠይቃል። ጋሼ አዲስ ነገር ሲመጣበት ሳይደውልልኝ አይነካም። ቅዳሜ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ደውሎ ‹አሁን በሩን ከፍቼ ዘጋሁት፣ ምንም አይልም› ብሎኛል።»

«በጎን ቁልፎቹም ሁሉን ማጥፋት ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ድምፅ መቀነሻው ካለ። ይኼው፣ ባዶ ጉድጓድ ነው፤ ከወለቀ ዓመት ሞልቶታል። እኔም በኮምፒውተር ነው የገባሁት።»

«ቁጥሩን ማን ያውቃል?»

«ጋሼና እኔ። ሐሙስ ደግሞ ስልኩን ለበሩ ሲያስመዘግብ ሥራ አስኪያጁ ፎርም ላይ አስጽፎታል። ‹የቤቴን ቁልፍ የሰጠሁ ያህል ከበደኝ› ሲል ነበር።»

«የመጨረሻ ጥያቄ። ስትጭንለት የቆየው ነገር ሁሉ ይጠፋል አይደል?»

«ይጠፋል። ለዚህ ነው አስቀድሜ ኮምፒውተሬ ላይ የገለበጥኩት፣ ኋላም ስልኩ ላይ የመለስኩለት፤ ያንን ሳላደርግ የማንንም ስልክ አልነካም። ግን ምንም የለውም። የልጆቹ ፎቶ ነው። የቀረው የቴርሞሜትር ፎቶ ነው፤ አርባ ሦስት። አሾፍኩበት፤ ‹ከልጆችህ ይበልጣል እንዴ?› ብዬ።»

ኢንስፔክተሯ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች።

መጋዘኑ ውስጥ መጀመሪያ ያነጋገረችው ጸሐፊዋን ነው። ጸሐፊዋ ሲያለቅሱ ያደሩ ዓይኖቿን እየጠረገች መለሰች።

«ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ዘበኛው መዝግቦኛል።»

«ከአንቺ በኋላ ግቢው ውስጥ ማን ቀረ?»

«ዲግሪና አለቃ። ዘበኛውማ ከሩቁ በር ላይ ነው፤ ቀን ቀን ደግሞ ያንቀላፋል፣ እኔ አልኩ እንዳይሉ።»

«የዲግሪ ስልክ ባትሪው ደካማ ነበር መሰለኝ?»

«ሞቶ ነበር ማለት ይቀላል። የኔ ሶኬት ከተቃጠለ ወዲህ፣ ከመጨረሻው ንባብ በፊት ግማሽ ሰዓት አለቃ ክፍል ውስጥ ይሰካዋል። ነቅሎ ኪሱ ይከታል፣ ይገባል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ረጋ ያለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ስታስደግፍ ብርዱ በካፖርቷ አልፎ ገባ።

«ይቅርታ፣ ማቀዝቀዣው ከጀርባው ነው» አለ። «ለምደነዋል።»

«ቅዳሜ ስንት ሰዓት ወጡ?»

«ልክ ስድስት። ማታ ሚስቱ ስትደውል ‹ሄዷል› አልኳት፤ መስሎኝ ነበር። የማይረሳኝ እሱ ነው።»

«በእርስዎ ስልክስ በሩ አይከፈትም?»

«የኔም እንደሱ ነው። አፑ ከታደሰ ጀምሮ አይሠራም። ቢሠራ ኖሮ እሑድ በር ሠሪ እጠራ ነበር?»

ዓይኗ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠው መደርደሪያ ላይ አረፈ። ትንሽ ራዲዮ አለበት። ስለ እሱ ግን ምንም አልጠየቀችም።

ማክሰኞ ከምሳ በፊት ሁሉንም ማቀዝቀዣው ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ሚስትየውን፣ ወንድምየውን፣ ጸሐፊዋን፣ ሥራ አስኪያጁን። መድኃኒቱ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዷል፤ ብርዱ ግን አለ። በሩን በር ሠሪው መልሶ ገጥሞታል፤ ከውጭ ሽቦ ከሽቦ አገናኝቶ ከፈተላቸው። ሚስትየው ወንድምየውን ስታይ ወደ ማዶ ተሻገረች።

«ይኼን ሰው አጠገቤ አታቁሙብኝ» አለች።

ኢንስፔክተሯ በሩን ገፋችው። ተዘጋ።

«እዚህ ያመጣኋችሁ እሱ የሰማውን እንድትሰሙ ነው» አለች። «ስልኩ አልተበላሸም። አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ በሩን ከፍቷል። ከዚያ አንድ ሰው ቁጥሩን አስገብቶ፣ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ፣ ሁለቴ ‹አዎ› ብሎ ሁሉንም አጥፍቶታል። የጎን ቁልፉ ወልቋል፤ ሌላ መንገድ የለም። ጸሐፊዋ ወጥታለች። ወንድምየው ሱቁ ነው። ስልኩ የት ነበር? ሥራ አስኪያጁ ክፍል ውስጥ ተሰክቶ። ቁጥሩስ? ሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ፣ ፎርም ላይ።»

«ለምን ብዬ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ለፎቶዎቹ። የዚህ ማቀዝቀዣ ሞተር አርጅቷል። ‹ተቀይሯል› ብለው ሪፖርት ጻፉ፤ አስከፍቼ አየሁት፣ አልተቀየረም። እንዳይቃጠል ሌሊት ያሳርፉታል፣ ሠራተኛ ሳይገባ ያበሩታል። ዲግሪ ግን ቀድሞ ይመጣ ነበር። ከዜሮ በታች አራት፣ ከዜሮ በታች ሁለት፣ አንድ ቀንማ ከዜሮ በላይ ሦስት። አርባ ሦስት ማለዳ። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ለሕመምተኛ ሲሄድ አስችሎት ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ሰኞ ለተቆጣጣሪዎች ሊያሳይ ነበር፤ ሚስቱ እንደነገረችኝ፣ ይህንኑ ለእርስዎም ነግሮዎታል። ስልኩን ሲያጠፉት ያ ሁሉ የጠፋ መሰለዎት። ሶፍትዌር የሚቀይር ሰው አስቀድሞ ሁሉን እንደሚገለብጥ አላወቁም። ሁሉም ወንድምየው ኮምፒውተር ላይ አለ።»

ሚስትየው ቀና ብላ ወንድምየውን አየችው።

«ከዚያ ዲግሪ ተቆለፈበት። በሩን መታ፤ ማንም የለም። እርስዎ ክፍል ያለበትን ግድግዳ መታ። ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ‹ራዲዮ ተከፈተ› ብሎ ጻፈ። ሰውየው አልቃዠም። በግድግዳው ሰምቶ ነው። ራዲዮ በራሱ አይከፈትም።»

«ይኼ ግምት ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። ከንፈሩ መጥቆር ጀምሯል። «ብሰማስ ምን አደርግ ነበር? ስልኬ አይከፍትም ብዬዎታለሁ።»

«እሱ እውነት ከሆነ ልክ ነዎት። ፎቶ ያጠፋ ሰው ብቻ ነዎት ማለት ነው። እንግዲህ እንጠብቅ፤ በር ሠሪው ምሳ ወጥቷል። አንድ ሰዓት ይፈጅበታል።»

ጸሐፊዋ «ወይኔ» አለችና እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። ብርዱ መጀመሪያ ጆሮን፣ ከዚያ ጥርስን ያዘ። ሚስትየው ወደ በሩ ሄዳ ባሏ በተገኘበት ቦታ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ጉልበቷን አቀፈች። ወንድምየው ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለው። አልወረወረችውም።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። ተራመደ። ግድግዳውን አንድ ጊዜ በመዳፉ መታና፣ የሠራው ነገር ገብቶት እጁን መለሰ። እንደገና ሰዓቱን አየ። ከዚያ እጁ ኪሱ ገባ፤ ስልኩን አወጣ፤ የበሩን አፕ ነካው።

በሩ ተከፈተ። በር ሠሪው ሽቦዎቹን ሳያገናኝ በሁለት እጁ እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ምሳም አልሄደም።

«ስንት ደቂቃ ቆየን?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ጸሐፊዋ ሰዓቷን አየች። «አሥራ አንድ።»

«እሱን ሁለት ሰዓት ተኩል አስጠበቁት።»

ሥራ አስኪያጁ የበሩን ጠርዝ ያዘ። «ፎቶውን ብቻ ነበር። ስልኩ ባዶ መሆኑን ቶሎ እንዳያውቅ በሩን በእኔው ስልክ ከፍቼ ተውኩለት፤ ሲገባ እንደሚዘጋው አላሰብኩም... አስቤም ይሆናል። መምታት ሲጀምር፣ ከከፈትኩለት ‹ስልኬን ማን ነካው?› ይላል አልኩ። ትንሽ ልቆይና የምለውን አስቤ እከፍታለሁ አልኩ። ቆየሁ። ከቆየሁ በኋላ ደግሞ ‹ለምን ቆየህ?› ይለኛል አልኩ።» ውጭ ይጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች ሲይዙት አልታገላቸውም።

ሚስትየው አሁንም ወለሉ ላይ ናት። ወንድምየው ፊቷ ተንበረከከ።

«ስልኩን በደንብ ሠርተኸው ነበር ማለት ነው» አለችው።

«በደንብ ሠርቼው ነበር፣ እትዬ» አለና ከእሑድ ጀምሮ አፍኖት የነበረው ልቅሶ ወጣ።

እጇን ዘረጋችለት። አነሣት፤ ወይም እሷ አነሣችው፤ ማን ማንን እንደደገፈ አይታወቅም። ተያይዘው ወጡ። ጸሐፊዋ ተከተለቻቸው፤ ኢንስፔክተሯም ጉልበቷን እያሻሸች መጨረሻ ወጣች። በሩን የዘጋው ሰው የለም። ቴርሞሜትሩ ከሃያ ወደ አሥራ ዘጠኝ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ወደ አሥራ ስምንት መጣ።

ዲግሪ ቢኖር ይቆጣ ነበር።