እሳቱ ሰ

መኩሪያ የሞተው በገዛ ስቱዲዮው የደንበኛ ሶፋ ላይ ነው። ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ሠርግ ደግሶ በእሱ ያላስቀረጸ ጥቂት ነው፤ ወዶት ግን ያስቀረጸው የለም። ከኮምፒውተሩ ፊት ያለችውን ባለመደገፊያ ወንበር ሠራተኛው ሳይፈቀድለት አይቀመጥባትም ነበር። አሁን ወንበሯ ባዶ ናት፤ ባለቤቷ ሶፋው ላይ ተንጋሏል። የፈነከተው የካሜራ ማቆሚያ ትራይፖድ እግሩ ሥር ወድቋል፤ እጀታው በሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ ተወልውሏል። ሰውየው ሲስቅ እንደተመታ ፊቱ ይናገራል።

ኢንስፔክተር አፀደ ብዙ ሬሳ አይታለች። አንዳንዱ ያሳዝናታል፤ ይሄኛው ግን ገና ከበሩ አናደዳት።

«ምን ምን ነካህ?» አለችው ሬሳውን ያገኘውን ዳዲን። ዳዲ ለመኩሪያ ቪዲዮ የሚቆራርጥ የልጆች አባት ነው።

«ማውሱን ብቻ ነው፣ ኢንስፔክተር። የተኛ መስሎኝ ሥራዬን ልጀምር ስል ስክሪኑ በራ። ከዚያ ደሙን አየሁት።»

ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። ፋይል የሚፈለግበት መስኮት እንደተከፈተ ቀርቷል። በግራ በኩል ድራይቮቹ ተደርድረዋል፤ መሃሉ ባዶ ነው። በላይኛው ቀኝ ጥግ፣ መፈለጊያዋ ሳጥን ውስጥ አንድ ቃል ተጽፏል፦ «ሰርግ»። ምንም አልተገኘም ይላል ኮምፒውተሩ።

አፀደ ቆማ አሰበች። የሠርግ ቀራጭ ኮምፒውተር ሠርግ የለኝም ካለ፣ ወፍጮ ቤት ዱቄት አላውቅም እንደማለት ነው። ደግሞ ይህን ዓይነት መልስ ታውቀዋለች። «በፀሐዩ ፀ ነው» ብላ ካላስጠነቀቀች የእሷም ስም ከየቢሮው ኮምፒውተር ጠፍቶ ይቀራል። ጸሐፊዎቹ በጸሎቱ ጸ ይፈልጓትና «የሉም» ብለው ይመልሷታል።

ዘበኛው እንዳለው ያን ቀን ከሰዓት ወደ ግቢው የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ዳዲ፣ የሟች ሚስት ቲናና ኢያቄም የሚባል ደንበኛ። መጀመሪያ ቲናን አነጋገረች።

«እንባ አይጠብቁብኝ» አለች ቲና። «የሠርግ ካርዱንም የቪዲዮውን ርዕስም የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ሠርግን በእሳቱ ሰ ብጽፍበት፣ በትልቁ አትሞ ሳሎን ላይ ሰቀለው። ‹የሚስቴ ድንቁርና› እያለ ለእንግዳ ያሳይ ነበር።»

«ዳዲስ?»

«ዳዲንማ በጥፊ ነው ያስተማረው። እዚህ ቤት በንጉሡ ሠ ያልጻፈ እንጀራ አይበላም።»

«ወንበሩን ለሰው ይለቅ ነበር?»

«በሰው ሲጫወት ይለቃል። ሐዘን የደረሰበት ሰው ቪዲዮ ሊቀበል ሲመጣ ‹ጠፍቶ ይሆናል፤ ተቀመጥና ራስህ ፈልግ› ይለዋል። ሰውየው ሲርበተበት እሱ ሶፋው ላይ ሆኖ ይስቃል። ሲበቃው ይሰጠዋል።»

ኢያቄም ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ጥፍሮቹ ሥር ነጭ ሲሚንቶ ደርቋል። ከሠርጉ ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ ናፍቆት በወሊድ ሞተችበት።

«ፎቶዋ አለኝ» አለ። «ድምፅዋ ግን የለኝም። እየጠፋብኝ ነው። መኩሪያ ‹ነገ ና› ሲለኝ ከረመ።»

«ያን ቀንስ?»

«በር ላይ አገኘሁት። ‹ሰኞ ና› አለኝ፣ ሄድኩ። ስቱዲዮው ውስጥ አልገባሁም።»

አፀደ ለዚህ ሰው አዘነች። ማዘኗም አበሳጫት።

በማግስቱ ሦስቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሶፋው ደም አልታጠበም። ስክሪኑን ለተቀመጡት እንዳይታይ፣ ፈላጊው ብቻ እንዲያየው ወደ ጎን አዞረችው።

«እያንዳንዳችሁ የናፍቆትን ቪዲዮ ትፈልጉልኛላችሁ። ያገኘ ሰው እንዳይናገር።»

ዳዲ መፈለጊያዋን አልነካትም። ድራይቩን ከፍቶ፣ ከፎልደር ወደ ፎልደር እየገባ፣ በማውስ ብቻ ጨረሰ። ቲና በመፈለጊያዋ ጻፈች፤ አፀደ ጣቶቿን አየቻቸው።

«ያንተ ተራ» አለችው ኢያቄምን።

ኢያቄም አልተነሳም። «ምን ያደክመናል? እዚያ ውስጥ የለም። አጥፍቶታል።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ቲና አንገቷን ደፋች፤ ዳዲ ቀስ ብሎ ከኢያቄም አጠገብ ሸሸ።

«ስቱዲዮው ውስጥ አልገባሁም ብለኸኝ ነበር» አለች አፀደ። «አለመኖሩን ታዲያ በምን አወቅህ?»

«መኩሪያ... እሱ ነግሮኝ።»

«ለእኔ የነገርከኝ ‹ሰኞ ና› እንዳለህ ነው። የጠፋን ነገር ለመውሰድ ሰኞ ይመጣል? ስማኝ። ሟች ሶፋው ላይ ነበር፤ ወንበሩን የሚለቀው ሐዘን ላለበት ደንበኛ ብቻ ነው። የተቀመጠው ሰው ‹ሰርግ› ብሎ ፈለገ፤ በእሳቱ ሰ። ዳዲ ቦታውን ስለሚያውቅ መፈለጊያ አያስፈልገውም። ቲና ያቺን ፊደል በውርደት ስለተማረቻት አትስታትም፤ አሁንም አልሳተቻትም። እንደዚያ የሚጽፍ የውጭ ሰው ነው። ያን ቀን ደግሞ ከውጭ የመጣኸው አንተ ብቻ ነህ።»

ኢያቄም ሲሚንቶ የያዘውን እጁን ገልብጦ አየው። «ሳቀብኝ» አለ። «ድምፅዋን አጠፋው ብዬ አንጀቴ ሲቃጠል፣ እሱ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።»

አፀደ ስክሪኑን አዞረችለት። የፎልደሩ ስም ከነፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል፦ «የኢያቄምና የናፍቆት ሠርግ»።

ኢያቄም ተነስቶ ቀረበ። ብዙ ጊዜ አነበበው።

«ነበር?»

«ነበር።»

«ይክፈቱልኝ። ምስሉ ይቅር፤ ድምፅዋን ብቻ።»

የአፀደ እጅ ወደ ማውሱ ሄደ። ወዲያው መለሰችውና ሶኬቱን ነቀለች። «አሁን ኤግዚቢት ነው» አለች። «ፍርድ ቤት ሳይል የሚከፍተው የለም።»

ፖሊሱ ካቴናውን ሲያጠልቅለት ኢያቄም ዓይኑን ከኪቦርዱ አልነቀለም።

«ያቺ ንጉሡ ሠ የቷ ጋ ናት?» አለ።

የመለሰችለት ቲና ነበረች።

«እዚያው ናት» አለችው። «ኤስ የምትለዋን ቁልፍ አንድ ጊዜ ጨምረህ መምታት ነው።»